ፎቶግራፍም አቦልና በረካ አለው

ፎቶግራፍ መነሣት እንደ ትልቅ ጉዳይ ይቆጠር በነበረበት ዘመን ሰው ወደ ፎቶግራፍ ቤት የሚሄደው የክት ልብሱን ለብሶ፤ ጠጉሩን አበጥሮ፤ ልጆቹንም አስከትሎ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺውም ሥዕሉን አጥቦ ሲያስረክብ ነጋቲቩን ወይ አብሮ ይሰጣል፤ ወይ ራሱ ዘንድ ያስቀምጣል። ስለዚህ በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል በፀሐይ ቢደበዝዝ ወይም በጢስ ቢጠቁር ከነጋቲቩ ሌላ አዲስ ማሳጠብ ይቻል ነበር። ከሥዕሉ ጀርባም የተነሡበት ቀንና «ለማስታወሻ» የሚል ቃል ይጻፍበት ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገላብጦአል። አንድ ተመራቂ ተማሪ በምረቃው ቀን ብቻ፤ በኪሱ በያዘው ስልክ፤ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ሥዕል ያነሣል። ሥዕል በዛ፤ ነጋቲቭ ግን ጠፋ። ታዲያ የበዛ ነገር ሁሉ የተጠበቀ ነገር ነውን? አያቶቻችን በዕድሜያቸው ሙሉ የተነሡአቸው አራትና አምስት ሥዕሎች በሣጥን ውስጥ ደኅና ሆነው ሲገኙ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተነሣ የምረቃ ሥዕል ግን የባለቤቱ ዓይን ከጥቁር ካባው እስከማይለይ ድረስ ደብዝዞ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ብዙ ሰዎች ይህን የካሜራው ጉድለት አድርገው ይቆጥሩታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ሥዕሉ በሚነሣበት ጊዜ ሳይሆን ከተነሣ በኋላ፤ ሲታረም፤ ሲላክና ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የዲጂታል ፎቶግራፍ ጥራት በምን ምክንያት እንደሚቀንስና እንዴት እንደሚጠበቅ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ለመግለጽ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕል ቁጥር ሲሆን

ሥዕልን ወደ ቁጥር የመለወጥ ሥራ የስልክ ዘመን የወለደው አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 በአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያና የደረጃ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ረስል ከርሽ የሦስት ወር ሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ በመሣሪያ አንብቦ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። ያ ሥዕል በወርዱ 176፤ በቁመቱም 176 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። በ1975 ደግሞ የኮዳክ ኩባንያ ኢንጂነር የነበረው ስቲቭ ሳሶን ፊልም የሌለበት ካሜራ ሠራ። የዚህ ካሜራ ሥዕል 10,000 ነጥቦች ብቻ ነበሩት፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር።

ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ሥራም በመሠረቱ ከዚያ የተለየ አይደለም፤ የበዛው የነጥቡ ቁጥር ነው። ፒክስል የሚባሉት እነዚህ ነጥቦች በአንድ የተለመደ የስልክ ሥዕል ውስጥ በወርድ 4,000፤ በቁመት 3,000፤ በጠቅላላው 12 ሚሊዮን ይሆናሉ። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፤ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኑን የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ስለዚህ አንዱ ሥዕል 36 ሚሊዮን ቁጥር ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ እንዳለ ቢቀመጥ 36 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል፤ ሦስት መቶ የምረቃ ሥዕሎችም ከ10 ጊጋባይት በላይ ይሆናሉ። ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣው ጭመቃ ነው።

ጭመቃው እንዴት ይሠራል?

በሕንድ አገር የተወለደው ናስር አሕመድ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳለ በ1972 ሥዕልን በሒሳብ ለመጭመቅ የሚረዳ አንድ ዘዴ አሰበ። ለምርምሩ ገንዘብ ቢጠይቅ ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ሥራውን ቀጥሎ በጥር ወር 1974 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አሳተመው። በ1986 የተቋቋመ የዓለም አቀፍ ሊቃውንት ቡድን ይህንኑ ዘዴ መሠረት አድርጎ የደነገገው ሥርዓት በ1992 ጸደቀ፤ ከቡድኑም ስም ተወስዶ ጄፔግ ተባለ። ከስልካችንና ከካሜራችን የሚወጣው ሥዕል እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሥርዓት የተጨመቀ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ለጥንቃቄ ስለሚረዳ ባጭሩ እንግለጸው። ጄፔግ ሥዕሉን በወርድ ስምንት፤ በቁመት ስምንት ነጥብ ወዳላቸው ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍላል። ከዚያም በእያንዳንዱ ውስጥ ሰፊውን የብርሃን ለውጥ ከደቃቁ ለውጥ ይለያል። የሰው ዓይን ሰፊውን ብርሃንና ጥላ አጥርቶ ሲያይ ለደቃቁ ዝርዝር፤ ይልቁንም ለቀለም ጥቃቅን ልዩነት፤ ደካማ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ዓይን የማይጠይቀውን ቁጥር ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋል፤ አንዳንዱንም ዜሮ አድርጎ ይጥለዋል። 36 ሜጋባይት የነበረው ሥዕል ወደ ሦስትና አራት ሜጋባይት የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ጄፔግን መውቀስ አይገባም። አንድ ጊዜ ብቻ በመልካም ደረጃ የተጨመቀን ሥዕል ካልተጨመቀው መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ነገር ግን የተጣለው ቁጥር ተመልሶ አይገኝም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና።

አቦል፤ ቶና፤ በረካ

ቡና ሲፈላ መጀመሪያ የሚቀዳው አቦል ነው። በዚያው አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮበት ሁለተኛው ቶና፤ ሦስተኛው በረካ ይሆናል። በረካውን ቀምሶ «ይህ ቡና ቀጭን ነው» የሚል ሰው ቢኖር ጥፋቱ የቡናው አይደለም። ሥዕልም እንዲሁ ነው። አንድን የጄፔግ ሥዕል ከፍተን ብርሃኑን ጨምረን ብናስቀምጠው ኮምፒዩተሩ እንደገና ይጨምቀዋል፤ ቶና ሆነ ማለት ነው። በማግሥቱ ያንኑ ከፍተን ጠርዙን ብንቆርጥ፤ በሦስተኛው ቀን ስም ብንጽፍበት፤ በረካ፤ ከዚያም የበረካ በረካ ይሆናል። ይልቁንም ጠርዙ ሲቆረጥ የቀድሞዎቹ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ድንበራቸው ስለሚፈናቀል፤ አዲሱ ጭመቃ የበፊቱን ስሕተት ሳያስወግድ የራሱን ስሕተት ይጨምርበታል።

ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው። ንጹሕ በነበረው ሰማይ ላይ መስኮት መስኮት የሚመስል ነገር ይታያል። በፊደላት ዙሪያ እንደ ጉም ያለ ነጠብጣብ ይከብባል። የሰው ጉንጭም ቋቁቻ የወጣበት ይመስላል።

ይሁን እንጂ ያለ ምክንያት መስጋትም አያስፈልግም። አንዳንድ ሰዎች ሥዕልን ደጋግሞ ከፍቶ ማየት ወይም ከፍላሽ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ የሚያሳሳው ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ፋይሉ እንዳለ ሲገለበጥ ቁጥሩ አንድም ሳይጎድል ይሄዳል፤ መቶ ጊዜም ቢገለበጥ መቶኛው ከመጀመሪያው አይለይም። የሚጎዳው አርሞ እንደገና በጄፔግ ማስቀመጥ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ዋና ትምህርት አንድ ነው። ካሜራው የሰጠን ሥዕል ነጋቲቫችን ስለ ሆነ አይነካም፤ የምንሠራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሆናል። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ ዋናውን ከፊቱ ዘርግቶ ይጽፋል እንጂ ትናንት ከተገለበጠው ግልባጭ ላይ አይገለብጥም፤ ከግልባጭ ግልባጭ ሲወሰድ ስሕተት እየተደራረበ ይሄዳልና። ሥዕል የሚያርም ሰውም ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ሥዕሉን የምናርመው በአንድ ቀን የማያልቅ ሥራ ከሆነ፤ በመካከሉ የምናስቀምጠው ምንም በማይጥል ዓይነት ይሁን። ከነዚህም መካከል ቲፍና በ1996 የወጣው ፒኤንጂ ይገኛሉ፤ እነዚህ ብዙ ቦታ ቢይዙም ቁጥር አይጥሉም። ሥራው ሲያልቅ ለመላክ ወይም ለማሳተም አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጄፔግ እንለውጠዋለን። ካሜራቸው ሮው የሚባለውን ጥሬ ፋይል የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ለከባድ ሥራ እርሱን ቢመርጡ ይሻላል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ፤ ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል 16,384 ደረጃ ስለሚይዝ በጥላ ውስጥ የተነሣን ፊት ለማብራት ብዙ ዕድል ይሰጣል።

በስልክ ሲላክ

በአገራችን ሥዕል ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። በቴሌግራም ሥዕልን በተለመደው መንገድ ስንልክ ፕሮግራሙ መንገዱን ለማቅለል ሥዕሉን ያሳንሰዋል። ለብዙ ዓመታት በሠራበት ልክ የሥዕሉ ረጅም ጎን ወደ 1,280 ነጥብ ይወርዳል። 12 ሚሊዮን ነጥብ የነበረው ሥዕል ወደ አንድ ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ ያህል ወርዶ ይደርሳል ማለት ነው፤ ከአሥር እጅ ዘጠኙ እጅ በመንገድ ቀረ። በስልክ መስተዋት ላይ ሲታይ ልዩነቱ ስለማይታወቅ ተቀባዩ ደስ ብሎት ያስቀምጠዋል። ላኪውም «ልኬዋለሁ፤ እዚያ አለ» ብሎ ዋናውን ያጠፋል።

ልዩነቱ የሚታየው ሥዕሉን በወረቀት ማተም ያስፈለገ ዕለት ነው። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል። በዚህ ሒሳብ ዋናው ሥዕል 34 ሴንቲ ሜትር በ25 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጥርት ብሎ ይታተማል። በቴሌግራም የመጣው ግን 11 ሴንቲ ሜትር በ8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የእጅ መዳፍ አያህልም።

ይህ ነገር ተራ የሒሳብ ጨዋታ የማይሆንበት ጊዜ አለ። በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ በትልቁ ታትሞ በለቅሶው ቤት ይቀመጣል። ቤተ ዘመድ በድንጋጤ ላይ ሆኖ ስልኩን ሲበረብር የሚያገኘው ምንድን ነው? ከወንድም ወደ እኅት፤ ከእኅት ወደ አክስት ሲላላክ የቆየ፤ በየመካከሉም የተቆረጠና ቃል የተጻፈበት የበረካ በረካ ነው። ፎቶ ቤቱ የቻለውን ያህል ቢያሳድገውም የእናትየዋ ፊት በጉም ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥዕል ማንሣት አይቻልም። ዋናው ፋይል በአንድ ልጃቸው ዘንድ ሳይነካ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። በቴሌግራም ውስጥ ሥዕሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ይቻላል፤ ያን ጊዜ አንድም ነጥብ ሳይጎድል ይደርሳል። በዋትሳፕም እንደ ሰነድ አድርጎ መላክ እንዲሁ ነው። ዋትሳፕ በኦገስት ወር 2023 የተሻለ ጥራት ያለው መላኪያ ጨምሮአል፤ ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን ሥዕሉን መጭመቁ አልቀረም። ይህን ስንል ለሰላምታ የሚላክ ሥዕል ሁሉ እንደ ፋይል ይላክ ማለታችን አይደለም፤ የኢንተርኔት ዋጋ ለተማሪ ኪስ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ለደስታ የሚታየው እንደ ልማዱ ይላክ፤ ለትውልድ የሚቀመጠው ግን እንደ ፋይል ይላክ።

ማሽኑ ሲገምት

አንዳንድ ሰው «የደበዘዘውን የሚያጠራ ፕሮግራም መጥቶ የለምን?» ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ዕውቀት የደበዘዘ ፊትን ጥርት አድርጎ የሚያወጣ ይመስላል። ነገር ግን የጠፋውን አያገኝም፤ ይገምታል እንጂ። በ2020 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ፑልስ የተባለ ፕሮግራም የፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማን እጅግ የደበዘዘ ሥዕል ቢሰጡት የነጭ ሰው ፊት አድርጎ መለሰው። የወጣው ፊት ጥርት ያለ ነበር፤ ግን የእርሳቸው አልነበረም። ስለዚህ የአያታችንን አሮጌ ሥዕል በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ስናድስ የምናገኘው የአያታችንን ዓይን ሳይሆን የእርሳቸውን የሚመስል የሌላ ሰው ዓይን ሊሆን ይችላል። የታደሰውን ለማየት መውደድ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ያልታደሰው ከአጠገቡ ይቀመጥ።

ለቢሮ ሠራተኛ

ጉዳዩ የቤተ ዘመድ ሥዕል ብቻ አለመሆኑን ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች እንዲያስተውሉት እንወዳለን። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ መዛግብት በስካነር እየተነሡ በኮምፒዩተር ይቀመጣሉ። ሰነዱ ሲነሣ ሥዕል ሆነ፤ ሥዕል ከሆነም ይጨመቃል።

በኦገስት ወር 2013 ዴቪድ ክሪዘል የተባለ የጀርመን አገር የኮምፒዩተር ሊቅ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ገለጠ። አንድ የሕንፃ ፕላን በዜሮክስ ኩባንያ ማሽን ተነሥቶ ሲታይ የሦስት ክፍሎች ስፋት 14.13 ካሬ ሜትር ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። በዋናው ወረቀት ላይ ግን የአንዱ 14.13፤ የሌላው 21.11፤ የሦስተኛውም 17.42 ነበር። ማሽኑ ቦታ ለመቆጠብ ሲል የሚመሳሰሉ የመሰሉትን ትናንሽ የቁጥር ምስሎች አንዱን በሌላው ቦታ ተክቶ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው የተተካው ቁጥር ደብዛዛ ሳይሆን ጥርት ያለ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የሚያየው ሰው የሚጠራጠርበት ምክንያት አልነበረውም። ኩባንያውም በኋላ ማረሚያ ፕሮግራም አወጣ።

የመሬት ስፋት፤ የደመወዝ ልክ፤ የልደት ዘመን፤ የባንክ ሒሳብ፤ እነዚህ ሁሉ በቁጥር የሚጻፉ ናቸው። እንግዲህ ሰነድ የሚያነሣ ሠራተኛ ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፤ የስካነሩን የጥራት ደረጃ ዝቅተኛው ላይ አያድርግ። ሁለተኛ፤ የተነሣውን ከወረቀቱ ጋር ቁጥር በቁጥር ያስተያይ። ሦስተኛ፤ ይህ ሳይደረግ ወረቀቱን አያስወግድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፤ በአንድ ቀን የተረፈች ሰዓት በኋላ የብዙ ዓመት ክርክር እንዳታመጣ መጠንቀቅ ይገባል።

የት ይቀመጥ?

ጥራቱ የተጠበቀ ሥዕልም በአንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ አለ ለማለት ያስቸግራል። ስልክ ይሰረቃል። ፍላሽ በየኮምፒዩተሩ ሲሰካ ቫይረስ ይይዘዋል፤ አንዳንዴም ያለ ማስጠንቀቂያ አልከፈት ይላል። በኢንተርኔት ያስቀመጥነውም ቢሆን የዘለዓለም ዋስትና የለውም። በአንድ ወቅት በዓለም ላይ ታላቅ ስም የነበረው ማይስፔስ፤ ከሦስት ዓመት በላይ የቆዩ ሥዕሎችና ዘፈኖች በዕቃ ዝውውር ጊዜ ጠፍተው ሊሆን እንደሚችል መግለጡ በማርች ወር 2019 ተሰምቶአል። ጉግል ፎቶስን የሚጠቀሙም ቢሆኑ፤ ዋናው ጥራት እንዲጠበቅ የሚለውን ምርጫ ካልያዙ በስተቀር ሥዕሉ ቦታ ለመቆጠብ ተጨምቆ እንደሚቀመጥ ማወቅ አለባቸው።

ፒተር ክሮግ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በ2005 ባወጣው መጽሐፉ ያስፋፋው አንድ ደንብ አለ፤ በባለሙያዎች ዘንድም ሦስት፤ ሁለት፤ አንድ ተብሎ ይጠራል። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱም ከቤት ውጭ በሌላ ስፍራ ይሁን ማለት ነው።

የዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ፤ ፊልሙ እዚህም በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲም እንዲቀመጥ ተደርጎአል። ያን ጊዜ ዲጂታል የሚባል ነገር በሕዝብ እጅ ባይኖርም፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል የሚለው ሐሳብ ያው ነበር።

ለአንድ ተማሪ ይህ ውድ አይደለም። አንዱ ሥዕል አራት ሜጋባይት ቢሆን 64 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ 15,000 ያህል ሥዕል ይችላል። ከዚህም የሚቀለው መምረጥ ነው። ከሦስት መቶ የምረቃ ሥዕል ውስጥ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ሃያ ቢሆን ነው። ሃያውን መርጦ፤ ዋናውን ፋይል በስልክ፤ በኮምፒዩተርና በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ዘንድ በፍላሽ ማስቀመጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። በዓመት አንድ ጊዜም፤ ለምሳሌ በዘመን መለወጫ ሰሞን፤ ሁሉም መከፈቱን መመርመር ያስፈልጋል።

አያቶቻችን ከሥዕሉ ጀርባ ይጽፉ የነበረውን ነገርም አንርሳ። ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የሚመዘግበው ቀንና ሰዓት በመልእክት ማስተላለፊያ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ይራገፋል። ስለዚህ የፋይሉን ስም በቁጥር ብቻ ከመተው ቀኑን፤ ቦታውንና የሰዎቹን ስም መጻፍ መልካም ነው። ስሙ ያልታወቀ ሰው ሥዕል ምንም ጥርት ያለ ቢሆን ለተከታዩ ትውልድ ባዕድ ነውና።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፤ አንባቢዎቻችን በዚህ ሳምንት ጥቂት ጊዜ ወስደው ስልካቸውን ይመርምሩ። ከወላጆቻቸው፤ ከመምህሮቻቸውና ከጓደኞቻቸው ሥዕሎች መካከል የማይተኩትን ይምረጡ። ዋናው በማን እጅ እንዳለ ይጠይቁ፤ ያለው ሰውም እንደ ፋይል እንዲልክላቸው ያድርጉ። ቶናውንና በረካውን ለሰው ሁሉ ማካፈል ይቻላል፤ አቦሉ ግን ለቤት ይቀመጥ።